ቀይ የተቀባው ፍሬን

ሊቁ የሞተው በምሳ ሰዓት ነው፤ በአንዲት አዲስ ነጭ መኪና አፍንጫና በብረት የሥራ ጠረጴዛ መካከል ተጣብቆ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ አንድም ቀን ጭረት ያልነካው ሰው፣ ጡረታው ሊደርስ ሲል ሁለት እርምጃ በዘለለች መኪና ሄደ። የጋራዡ መካኒኮች ሥራ የተማሩት ከእሱ እጅ ስለነበር «ሊቁ» ይሉታል፤ በስሙ የሚጠራው አልነበረም።

መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ቀድመው የመጡት ፖሊሶች «ነፋሱ» የሚባለውን የሙከራ ሹፌር በካቴና አስረው ከግድግዳው ሥር አስቀምጠውታል። አለቃዋም በስልክ፣ «ግልጽ ጉዳይ ነው። ልጁ መኪናዋን ሊያስጠጋ ሲል ነዳጅ አብዝቶ ሰውየውን ገጨው፣ ደንግጦ ሸሸ። እስከ አሥር ሰዓት ፈርመሽ ላኪልኝ፤ ልጁም ወደ እስር ቤት ይወሰድ» ብሏታል። ሃያ ዓመት የመኪና አደጋ ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። «ግልጽ» የሚባል ቃል ስትሰማ ጥርሷን ያማታል።

በሩን የከፈተላት ዘበኛ የነፋሱ አባት ነበር።

«ልጄ ከእኔ ጋር ነበር» አላት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «እዚህች የጥበቃ ክፍል ውስጥ ምሳ እየበላን ሳለን ነው መኪና የምትሸጠው ልጅ ስትጮህ የሰማነው።»

«ለፖሊሶቹ ነግረዋቸዋል?»

«ነገርኳቸው። አባት ነህ አሉኝ። ታዲያ አባት መሆኔ ምሳ መብላታችንን ያስቀረዋል?»

«አያስቀረውም አባቴ። ሌላ ማን ነበረ ግቢው ውስጥ?»

«ስድስቱ መካኒኮች ምሳ ሊበሉ በአንድ መኪና ወጥተዋል፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ። የቀሩት ሥራ አስኪያጁ፣ ሻጯ፣ የሊቁ የእህት ልጅና እኛ ሁለታችን ነን። ከውጭ የገባ ዝንብ የለም።»

ጋራዡ ውስጥ የሟቹ እህት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ልጇ፣ የጋራዡ ሁለተኛ መካኒክ፣ ትከሻዋን ይዞ አብሯት ያነባል። ሴትዮዋ ዘበኛውን ስታየው ብድግ አለች።

«ልጅህ ወንድሜን በላው! ይህን ልጅ ያለ አባት ያሳደገልኝን ሰው በላው! አንተም ልጅህን በሕይወት እያለ እጣው!»

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ ፊቷን ወደ ሟቹ አዞረች።

ፖሊሶቹ መኪናዋን ሞተር ሳያስነሱ በእጅ ገፍተው፣ አስከሬኑን ከጠረጴዛው አላቀው ሸራ አልብሰውታል። ቀኝ እጁን ገልጣ አየች። ሦስት ጥፍሮቹ ሥር ቀይ ነገር ገብቷል።

«ደሙ ነው» አለ አጠገቧ የቆመው ወጣት ፖሊስ።

«ደም ሲደርቅ ይጠቁራል። ይሄ እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃል» አለችና ከጥፍሩ ሥር ፍቃ በወረቀት ጠቀለለችው።

ቀጥላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሻጯን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ልጅቷ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ የሸመደደችውን አልረሳችም።

«ይህቺ ክብ ቁልፍ ሞድ፣ ማለትም የመኪናዋን ጠባይ፣ መምረጫ ናት። ቁጠባ፣ ምቾት፣ ስፖርት። ስፖርት ላይ ሲያደርጓት መሪው ይጠነክራል፣ ሞተሩ ያገሳል፣ ነዳጅ መስጫውን ገና ሲነኩት ትወረወራለች። በዚያ ላይ ሙሉ የስፖርት ፓኬጅ አላት፤ ጥቁር ቸርኬ፣ ጠንካራ ሞላ፣ ትልቁ ቀይ ፍሬን። ደንበኛው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሊረከባት ነበር።»

«አንቺ ትነጃታለሽ?»

«እኔ?» አለች ልጅቷ አፍራ። «መንጃ ፈቃድ የለኝም። ሁለቴ ወድቄያለሁ። ለሰው ግን ስለ መንዳት ቀኑን ሙሉ አወራለሁ።»

«ሞተሩ ሲጠፋ ሞዱ ምን ይሆናል?»

«ታስታውሳለች። የተዉባትን ጠባይ ይዛ ነው የምትነሳው።»

መርማሪዋ ሞተሩን አስነሳች። መኪናዋ ድምጿ ሳይሰማ ተነሳች፤ ከመሪው ፊት ባለው ስክሪኗ ላይ በሰማያዊ ፊደል «ምቾት» የሚል ጽሑፍ በራ። መርማሪዋ ጽሑፉን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ የጋራዡን የመመርመሪያ ኮምፒውተር ገመድ ከመሪው ሥር ሰክታ የወጣውን መዝገብ አትማ ኪሷ ከተተችው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ አራተኛውን ሲቀዳ አገኘችው። ከዚህ በፊት የቤት ዕቃ ይሸጥ የነበረ፣ ስለ መኪና የሚያውቀው መንዳቱን ብቻ የሆነ ሰው ነው።

«እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ» አላት። «ይሄ ነፋሱ የሚሉት ልጅ አንድ ቀን ጉድ እንደሚያመጣ አውቅ ነበር።»

«ከሊቁ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እሱማ... ሥራ ያጓትትብን ነበር። ሳላይ አልፈርምም፣ ሳልፈታ አልፈርምም! ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛችን፣ ነርስ ነበረች፣ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ ሞታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሰበት። በፍጥነት ነዳች፣ ሞተች። የእኛ ጥፋት ነው?»

«እሱስ ምን አለ?»

«ስብርባሪውን ሄጄ ካላየሁ አለ። ሄደም አየ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።»

የሊቁን የእህት ልጅ ያናገረችው የቀለም ክፍሉ በር ላይ ነው። ዓይኑ ፍም መስሏል።

«በምሳ ሰዓት እዚህ ሆኜ ብረት ስሞርድ ነበር፤ ጆሮዬን ደፍኜ። ጋሼ ሲጮህ እንኳ አልሰማሁትም» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ነፋሱ ሁልጊዜ በስፖርት ነው የሚተዋት። ጋሼ ስንት ጊዜ መከረው! እግሩን ሲያሳርፍባት ዘለለችበት፤ ሌላ ምን አለው?»

መጨረሻ ላይ ከነፋሱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«በስፖርት ትተሃታል?»

«ጠዋት ሞክሬ ስመለስ በስፖርት አጠፋኋት፤ አልዋሽም። ሁሌም እንደዚያው ነኝ። ሊቁ ሲጨቀጭቀኝ ነው የኖረው፤ ሞተር ከማጥፋትህ በፊት ወደ ምቾት መልሳት፣ ደንበኛው ሲያስነሳት እንዳትበረግግበት ይለኛል። የእሱ ተማሪዎች በእርሳስ ጣታቸውን እየተመቱ ነው የለመዱት። እኔ ከሌላ ቦታ መጥቼ ስላልተመታሁ አልገባኝም።» ሳቅ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሰውየውን እወደው ነበር እኮ። አሁን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ከኪሷ ቁልፍ አውጥታ ከነጯ መኪና ጎማ አጠገብ በርከክ አለች፤ በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ዲስኩን የሚነክሰውን ቀይ ብረት ፈገፈገችው። ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ ተራ ግራጫ ብረት ወጣ። በወረቀቱ ከጠቀለለችው ጋር አስተያየችው፤ ቀለሙ አንድ ነው።

ግቢው ውስጥ እንደ ነጯ ያለች ሌላ መኪና ነበረች። መርማሪዋ መንዳት የሚችሉትን ሦስቱን ሰዎች ጠራች። የነፋሱም ካቴና ተፈታለት።

«ከዚህ እስከ ግድግዳው በስፖርት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ልለካ ነው። አንድ በአንድ አስነሱ፣ አስጠጉ፣ አጥፉና ውረዱ። እኔ አጠገባችሁ ተቀምጬ ሰዓት እይዛለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኖ አስጠጋት፣ አጠፋት፣ ወረደ። ነፋሱም አስጠጋት፣ አጠፋት፣ ወረደ። የእህቱ ልጅ እንደ አስተማሪ በጥንቃቄ አስጠግቶ ወረደ። መርማሪዋ ሰዓቷን ይዛ ነበር፤ ዓይኗ ግን ሰዓቱ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ሁሉንም ደንበኛ በሚቀበሉበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሻጯ ለሟቹ እህት ወንበር አቀረበችላት፤ ዘበኛው ከልጁ ኋላ በር ላይ ቆመ።

«በመጀመሪያ ይሄ አደጋ አይደለም» አለች መርማሪዋ መዝገቡን ዘርግታ። «መኪናዋ ግጭት ሲደርስባት ሁሉን ትመዘግባለች። ሰው ከፊቷ ሲቆም ራሷ ፍሬን የምትይዝበት መከላከያ አላት። ሞተር በተነሳ ቁጥር መከላከያው ራሱ ይበራል። እሱን ለማጥፋት የራሱን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ስድስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ አንድ ሰው ተጭኖ አጠፋው፤ ቀጥሎ ነዳጅ ሰጠ። ሊቁ ከመኪናዋ ፊት ቆሞ ነበር።»

«ነፋሱ!» አለች እህቲቱ።

«ይቆዩ እትዬ። ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው። መዝገቡ በግጭቱ ሰዓት ሞዱ ስፖርት ነበር ይላል፤ ነፋሱ ጠዋት የተዋት እንደዚያ ነው። እኔ ሳስነሳት ግን ምቾት ላይ ነበረች። ከግጭቱ በኋላ እስክትጠፋ አሥራ አራት ሰከንድ አለ። ገዳዩ ሰው ጨፍልቆ፣ ልቡ እየዘለለ፣ ከመውረዱ በፊት ቁልፏን ወደ ምቾት መለሳት።»

«ለምን?» አለች ሻጯ ሳታስበው።

«ለምንም። አስቦበት አይደለም። ቢያስብበትማ በስፖርት ይተዋት ነበር፤ ነፋሱም ያለ ጥርጥር ይታሰር ነበር። እጁ ነው ያደረገው። አንቺና ዘበኛው አትነዱም። ሥራ አስኪያጁም፣ ነፋሱም ቅድም በስፖርት አጥፍተው ወረዱ። አንድ ሰው ግን ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ሳያያት ወደ ምቾት መለሳት። ያን ልማድ ጣቱን በእርሳስ እየመታ ያስተማረው ሊቁ ነው።»

የእህቱ ልጅ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ሸፈነ።

«የቀረው ምክንያቱ ነው» ስትል ቀጠለች። «የስፖርት ፓኬጅ ትልቅ ፍሬን አለው ተብሎ ይሸጣል። ጎማዋ ውስጥ ያለው ግን ተራው ፍሬን ነው፤ ቀይ ተቀብቶ። ሊቁ ዛሬ በጥፍሩ ፋቀው። የነርሷ መኪናም እንደዚሁ ነበር፤ ሊቁ ስብርባሪው ላይ ያየው ይህንኑ ነው። በስፖርት እንድትበርር አደረጋችኋት፤ የሚያቆማት ነገር ግን አልሰጣችኋትም። ተገጥሟል ብሎ የፈረመው ማን ነው?»

«ዕቃው ዘገየ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫው ተነስቶ። «ደንበኛ እየጨቀጨቀን ነበር፤ እስኪመጣ በቀለም አሳልፈው ነው ያልኩት። ሰው ግደል አላልኩም!»

«እርስዎ ስለ ነርሷ ይጠየቃሉ። አሁን ይቀመጡ።»

እህቲቱ ወደ ልጇ ዞረች። «ተናገር እንጂ! አላደረግሁም በላት!»

ልጁ እናቱን ማየት አልቻለም። የተናገረው ወለሉን እያየ ነው።

«እኔ ነኝ የቀባሁት። እኔ ነኝ የፈረምኩት። ጋሼ ቀለሙን ፍቆ አሳየኝና አላፈጠጠብኝም፣ አልተቆጣም። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጋ አብረን እንሂድ አለኝ። አይዞህ፣ አጠገብህ እቆማለሁ አለኝ። ከዚያ መኪናዋን ወደ መኪና ማንሻው አምጣት ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ቢቆጣኝ ኖሮ... ቢሰድበኝ ኖሮ እኮ...»

ከነፋሱ እጅ የወለቀው ካቴና በእሱ እጅ ገባ። ነፋሱ ዞር ብሎ አላየውም፤ አባቱ ደረት ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጁን ሲያወጡት እናቱ አልጮኸችም። የጮኸችው ጩኸት ሁሉ ቀድሞ አልቆ ነበር። መርማሪዋ ልትደግፋት ስትጠጋ ክንዷን ገፋ አደረገችባት።

«ባታውቂው ምን ነበረበት?» አለቻት፤ ቀስ ብላ፣ በለሆሳስ። «ወንድሜን አጥቻለሁ። ባታውቂው ኖሮ አንዱ ይቀርልኝ ነበር።»

ነፋሱ እዚያው ቆሞ ነበር። ሰምቷታል። ስትናገርም እሱ መኖሩን አልረሳችውም፤ አይታው ነው የተናገረችው። መርማሪዋ ለሴትዮዋ ልታዝንላትም ልትቆጣትም ፈለገች፤ ሁለቱንም አልቻለችም።

ወደ በሩ ስትወጣ ዘበኛው ቀድሟት ደርሶ ነበር። የፖሊስ መኪናዋ እንድታልፍ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆሟል።

«ያለችውን ሰምተዋል አባቴ?» አለችው። «አይቀየሟት። ሐዘን ነው ያናገራት።»

ሽማግሌው መኪናዋ አልፋ ስትታጠፍ በሩን መልሶ ዘጋ።

«አልቀየማትም» አላት። «የእኔ ልጅ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ እሷ እል ነበር።»