አራት ካርድ ያወጣችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ማለዳ በሴቶች ክፍል፣ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ሞተች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም፤ እናትየው የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው እግርጌው ቆመዋል።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ። ለምርመራ ነው የመጣሁት።»

«ምርመራ?» አሉ እናትየው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምርመራ ሲሏት ኖረው፣ ከሞተች በኋላ ደግሞ ምርመራ መጣ?»

እናትየው ከቦርሳቸው የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ።

«መርዝ ነው። ይቺ የወንድ ልጄ ሚስት ዓርብ ዕለት በድብቅ ስታቀብላት እጅ ከፍንጅ ይዤ ነጠቅኋት። ዘበኛውንም ሁለተኛ እንዳታስገባት ብዬዋለሁ።»

ምራቲቱ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከኋላዋ ሁለት ፖሊሶች ሊወስዷት ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

«አያችኋት?» ጮኹ እናትየው። «ገድላ ስታበቃ ዓይኗን በጨው ታጥባ መጣች!»

«መርዝ» ሲባል ምንም ያልመሰላት ሴት፣ «ጨው» ሲባል ክው አለች። ሌላው ሰው የሰማው ስድብ ብቻ ነው፤ ኢንስፔክተሯ ግን ድንጋጤዋን አየች። እጇን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«ምን አስደነገጠሽ?»

«ብነግርዎትም አያምኑኝም።»

«እስቲ ሞክሪኝ።»

«ጨው ነው። ከገባችበት ቀን ጀምሮ አምጪልኝ እያለች በጣቷ እየጠቀሰች ትልሰው ነበር። ሰው ካወቀ ይከለክሉኛል ብላ አስምላኛለች።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ከፍታ ዘረጋችላት። ምራቲቱ ሳታመነታ ጠቅሳ ላሰች። እውነቱን ለመናገር ኢንስፔክተሯም ላሰች፤ ደንቡ አይፈቅድም፣ ግን ላሰች። ጨው ነው።

ታዲያ ልጅቷን ምን ገደላት? ኢንስፔክተሯ ወደ አልጋው ተመልሳ የሟችን እጅ ገለጠች። የመዳፏ መስመሮች በከሰል የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ድዷም ጠቁሯል። ከራስጌዋ «ጨው ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል።

«ይህን ማን አዘዘላት?» ስትል ነርሷን ጠየቀች።

ነርሷ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቀን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ! ከእሷ በፊት ለተኙት ሴትዮ የታዘዘ ነው፤ ደም ግፊት ነበረባቸው። ለአርባ በሽተኛ ሁለት ነን… ማን ያውርደው?»

ከካርድ ክፍል የሟችን ካርድ ብትጠይቅ፣ አንድ ሳይሆን አራት መጣላት። ልብስ ሰፊዋ በመጣች ቁጥር «ካርድሽ ጠፍቷል፣ አዲስ አውጪ» ሲሏት ኖረዋል።

ከሰዓት በኋላ እናትየው፣ ምራቲቱና ነርሷ መጨረሻ ላይ ሲያክማት የነበረው ሐኪም ክፍል ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ አራቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«አንደኛው ካርድ ደም ማነስ ይላል። ሁለተኛው ጨጓራ፣ ሦስተኛው ጭንቀት፣ አራተኛው ቲቢ። አራት ሐኪም፣ አራት በሽታ። አሁን የበሽታውን ስም ይተዉትና ከላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ አነበበ። «ድካም፣ ትውከት፣ ዝቅተኛ ደም ግፊት… ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ ዝቅተኛ ደም ግፊት… የቆዳ መጥቆር…» አራተኛውን ሳይጨርስ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ መለሰ።

«ጨው እየለመነች በድብቅ ትልስ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «መዳፏና ድዷ ጠቁሯል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ነው ብልዎትስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ሥራ ስታቆም ሰውነት ጨው መያዝ ያቅተዋል፤ እስካሁን ያቆያት የምትልሰው ጨው ነው። ብዙ ጊዜ የማይገጥም በሽታ ነው፤ ግን ኪኒን አለው፣ በየቀኑ እየዋጡ ይኖሩበታል። አራቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ… እኔም አላየሁም።»

«እንግዲህ መርዝ የለም፣ ነፍሰ ገዳይም የለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይቺ ሴት ያቀበለቻት፣ እኛ ያልሰጠናትን ነው።» ፖሊሶቹን በእጇ አሰናበተቻቸው።

እናትየው ቀስ ብለው፣ «ታዲያ እኔ ዓርብ የነጠቅኋት…» ብለው አልጨረሱትም።

ኢንስፔክተሯ አንገቷን ደፋች። እንዲህ ያለውን ነገር ፈልፍሎ ማግኘት ጥሩ ነው ያለ ማን ነው?

ምራቲቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አማቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «ኧረ እማማ፣ እንዲህ አያስቡ! ዓርብ ዕለት እኮ እሷው ራሷ በቃኝ ብላኛለች። ከዚህ በኋላ አታምጪልኝ፣ አስጠልቶኛል ብላኛለች።»

ሐኪሙም ነርሷም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ ጨው አያስጠላውም።

እናትየው ራሷን ዳሰሱ።

«ውሸትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ። «እስክትሞት ድረስ፣ ሾርባው ላይ ትንሽ ጨው ጣል አድርጊልኝ እያለች ስትለምነኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን አሳይቼ እቆጣታለሁ።»