ቧንቧውን የማትፈራው አጋዘን

ዝናቡ የመጣው በወሩ አልነበረም። ወርዶ ሳያባራ ቀዘቀዘና ቱንድራውን፣ ዛፍ የማይበቅልበትን የሰሜን ሜዳ፣ በበረዶ ቅርፊት ለበጠው። አጋዘኖቹ ከሥሩ ያለውን የድንጋይ ሽበት ለመብላት ቢቧጥጡ ሰኮናቸው ደማ። የመንጋው ባለቤት ሽማግሌው ሴርኮ ድንኳኑን አስነቀለ። እርጉዞቹ ሊወልዱ ደርሰዋል፤ ሰሜን ካለው የባሕር ዳር ግጦሽ ካልደረሱ ግልገሎቹ ከነእናቶቻቸው ያልቃሉ። በመካከል ደግሞ የጋዝ ቧንቧው ተጋድሟል።

ሴት ልጁ ሐድኔ ከኋላ ሆና የበረዶ ጋሪዋን ነዳች። ከጎኗ አውካ ትሮጣለች። አውካ እናቷን ተኩላ በልቶባት ድንኳን ውስጥ ዳቦ እየጎረሰች ያደገች አጋዘን ናት፤ ቅብጠቷ አይጣል ነው። በጋውን ሙሉ የጋዝ ሠራተኞች ካምፕ ብስኩት ስትለምን ስለከረመች ሴርኮ ያፍርባት ነበር።

ሜዳው ላይ አውሎ ነፋስ ያዛቸው። ነፋሱ ሲበርድ ተኩላዎች ከኋላ መጡ፤ የደከሙትን እየነጠሉ ጣሉ። አባትና ልጅ እየጮኹ፣ እየተከላከሉ፣ መንጋውን ቧንቧው ከፍ ብሎ ሸለቆ ከሚሻገርበት፣ ከሥሩ ማለፍ ከሚቻልበት ጠባብ ቦታ አደረሱት።

እዚያ አንድ የቧንቧው ጥበቃ በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ደረሰባቸው።

«አባት፣ በዚህ ማለፍ ክልክል ነው። መተላለፊያው በስተምሥራቅ፣ ሩቅ ነው።»

«እስከዚያ ይወልዳሉ» አለ ሴርኮ። «አንተ ታዋልዳቸዋለህ?»

ጥበቃው የእርጉዞቹን ሆድ አየና አለቃው ሳይመጣ ቶሎ እንዲያልፉ ነግሯቸው ፊቱን አዞረ።

ሴርኮ እንደ አባቶቹ ወግ ክፉውን እንዲያርቁለት የቤቱን አማልክት የተሸከመውን ጋሪ አስቀደመ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው ያጉረመርም ነበርና ጋሪውን የሚስቡት አጋዘኖች ደንግጠው መግቢያው ላይ ተገተሩ። መንጋው ወደ ኋላ፣ ወደ ተኩላዎቹ ማፈግፈግ ጀመረ። ያልፈራችው አውካ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የምትከተለው የሐድኔን እጅ ነው። ሐድኔ ወደ ፊት ለመውጣት የአማልክቱን ጋሪ መዞር አለባት። ያንን ጋሪ ደግሞ በወጋቸው ሴት አትዞረውም፤ እናቷም አያቷም ዞረውት አያውቁም።

ዳቦ ይዛ ቆመች። ከአማልክቱ ይልቅ የአባቷን ፊት ፈራች።

«አባዬ፣ ልለፍ?»

ሴርኮ እርጉዞቹን አየ፣ ቆቡን አውልቆ በጋሪው ፊት አጎነበሰ።

«እለፊ» አላት። «ጥፋቱ በኔ ይሁን።»

ዳቦውን ወደ አውካ ዘርግታ ጋሪውን ዞረችው። አውካ ዳቦዋን እያሸተተች ተከተለች፤ ጭራሽ ቆም ብላ ጎኗን በቧንቧው ተሸካሚ ብረት አከከች። ይህን ያዩት የጋሪው አጋዘኖች ተንቀሳቀሱ፤ ከኋላቸው መንጋው በሙሉ ተግተልትሎ አለፈ።

ከቧንቧው ወዲያ ያለውን ጉብታ እንዳለፉ ነፋስ በረዶውን የጠረገለት፣ የድንጋይ ሽበቱ የተገለጠ ሜዳ ተቀበላቸው። አንዷ እዚያው ወለደች። እርጥቡ ግልገል ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ጡት ሲይዝ ሐድኔ አለቀሰች፤ የደስታ ዕንባ ነበር።

ሴርኮ ግን ወደ ኋላ ያያል። ጥቂት አጋዘኖች ተመልሰው ከቧንቧው ሥር ከነፋሱ ተጠልለው ቆመዋል። ከወዲያ የተኩላዎቹ ጩኸት ይሰማል።

«ቧንቧውን መፍራት አስረስተናቸው መጣን» አለ። «አሁን ማን መልሶ ያስፈራቸዋል?»

ሐድኔ ዕንባዋን ጠረገች። የአባቷን መንጃ ዘንግ ከጋሪው ላይ አነሣች፤ አሁን ግን ፈቃድ አልጠየቀችም። የተመለሱትን አጋዘኖች ከቧንቧው ልታርቅ ብቻዋን ወረደች።