ጀነትስ?

የኡስታዛ ሃፊዛ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ጀነት ጋ ሊደርስ ሁለት ልጆች ብቻ ቀርተውታል። እያንዳንዷ ልጅ ድምፅ መቅጃውን ተጭና ያንኑ ትላለች፦ «ኡሙሰልማ ሂዝቢ ናት፤ እኔ ከእሷ ጋር የለሁበትም።» ድምፁ ወዲያው የቂርኣት ትምህርት ልጆች ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ይገባል። ኡሙሰልማ ከግሩፑ የምትባረረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁሉንም እንድትሰማ።

ጥፋቷ የሌላ ኡስታዝ ትምህርት ግሩፑ ላይ መላኳ ነው። ስለ ጾም ነበር። ጀነትም አዳምጣዋለች፤ ኡስታዛ ከምታስተምራቸው የተለየ ነገር አላገኘችበትም። ችግሩ ሰውየው ነው፤ «ከእነዚያ ጋር ነው የሚቀመጠው» ተባለ።

ጀነት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ሌላ የምትወጣው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። አባቷ ኑህ ሳዑዲ ውስጥ ከሚኖሩበት ከአል ኹበር አሽ-ሸማሊያ አምጥቶ ራካ ሰፈር፣ ኡስታዛ ቤት ያወርዳታል፤ ለመግሪብ ሶላት መጥቶ ይወስዳታል። ይህ ከቀረባት ከአራት ግድግዳ ጋር ተፋጥጣ መዋሏ ነው። ደግሞ ኡስታዛን ትወዳታለች። እናቷ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሳምንት ሙሉ ምሳ ያመላለሰችው እሷ ናት። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ!

«ኡስታዛ፣ ሂዝቢ ግን በትክክል ምን ማለት ነው?» አለች ጀነት።

አጠገቧ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሸመቻት። «ኧረ አታካብጂ!»

ኡስታዛ ግን አልተቆጣችም። «ጥሩ ጠየቅሽ የኔ ልጅ። ሂዝብ ቡድን ነው። ሂዝቢ ማለት ዲኑን ትቶ ለቡድኑ የሚያደላ፣ ከቡድኑ ውጪ ያለውን ሙስሊም እንደ ባዳ የሚያይ ነው። ሰላምታ እንኳ ይነፍገዋል። አላህ ይጠብቀን!»

«አሚን» አሉ ልጆቹ።

«ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ኡሙሰልማን ማንም ሰላም እንዳይላት። ኸላስ፣ በቃ ቀጥሉ።»

ጀነት ዙሪያዋን አየች። ቀና ያለ ሰው የለም። የሰማችው እሷ ብቻ ናት ወይስ ሁሉም ሰምተው ነው አንገታቸውን የደፉት? ኤሲው እያጓራ እንኳ ጀርባዋን አላባት። ሮጣ ብትወጣ ደስ ባላት፤ ግን ወዴት?

ስልኩ እጇ ገባ። ከድምፆቹ ሥር ኡሙሰልማ አንዲት ቃል ጽፋለች፦ «ጀነትስ?»

ጀነት መቅጃውን ተጫነች።

«አሰላሙ ዐለይኪ ኡሙሰልማ። ጀነት ነኝ።»

ጣቷን አነሳች። ድምፁ ሄደ።

ኡስታዛ እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለች። ጀነት ቁርአኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሳች፣ ጫማዋን አድርጋ ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መግሪብ እስኪደርስ ገና አንድ ሰዓት አለ። አባቷ ሲመጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ልትነግረው ወሰነች።