ሾርባ ያልደረሰው ሳህን

«ሾርባ ነው» አለ ስትራቲስ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

ቴያኖ የመስታወት ሳህኑን ክዳን ቀስ ብላ መለሰችው። «የምን ሾርባ?»

«የእማዬ። የዓሣ። ቢጫዎቹ አናድግም ብለው ሲሰነብቱ አንጀቴን በሉት። ጠብ ጠብ አደረግኩላቸው።»

«ባክቴሪያ አንጀትህን በላው?»

«ሳቂ እንግዲህ።»

አልሳቀችም። ውድድሩ ወደሚካሄድባት ወደ ካቫላ የሚሻገረው መርከብ ሊነሳ ነው። የትምህርት ቤቶቹን የሳይንስ ውድድር ያሸነፈ በባሕር ምርምር መርከብ ይሳፈራል፤ ቴያኖ ዓመቱን ሙሉ ያለመችው ይህንኑ ነው።

ሦስቱ ሳህኖች ላይ ከነዳጅ በቀር ለባክቴሪያዎቹ የሚበላ ነገር መኖር አልነበረበትም። ነጮቹ ባክቴሪያዎች የተቀዱት ባሕሩ ላይ ከቆመው ነዳጅ ማውጫ እግር ሥር ነው፤ ነዳጅ ይበላሉ። ቢጫዎቹ የደሴታቸው የታሶስ ወደብ ልጆች ናቸው፤ አይችሉበትም። ሁለቱን ዓይነት አንድ ጠርሙስ ውስጥ አሳድረው ነበር ሳህኖቹ ላይ የቀቧቸው። መምህርት ኡራኒያ እንዳስረዷቸው፣ ነጮቹ በውስጣቸው ፕላስሚድ የሚባል ቀለበት ይዘዋል፤ ነዳጅ የመብላቱ ዘዴ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ቀለበቱን ይገለብጥና ለጎረቤቱ ያቀብላል። ጎረቤቱ የግድ ዘመዱ መሆን አያስፈልገውም።

ጠዋት ቢጫው ፈክቶ ስታየው፣ ቢጫዎቹ ቀለበቱን ተቀብለው ነዳጅ መብላት ጀመሩ ብላ ነበር። ለካ ሾርባ ኖሯል።

«ማንም አያውቅም እኮ» አለ ስትራቲስ።

«አንተ ታውቃለህ። አሁን ደግሞ እኔን ጨመርክ። ሦስቱም ላይ ነው ያደረግከው?»

«ሁለቱ ላይ። ለሦስተኛው ሳይደርስ አለቀ።»

ሦስተኛውን መምህርቷ «ይሄ አልያዘም» ብለው መስኮቱ ሥር ትተውታል። ቴያኖ አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። ጠርዙ ላይ ግን አንዲት ቢጫ ነጥብ፣ ሰሊጥ የምታክል።

ከሳህኑ ወዲያ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ነዳጅ ማውጫው ባሕሩ ላይ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የትርፍ ጋዙ እሳት ይውለበለባል። እዚያ ሥር፣ ጨለማው ውሃ ውስጥ፣ እጅ የሌለው ፍጥረት ለማያውቀው ጎረቤቱ አሁንም ቀለበት እያቀበለ ይሆናል።

«ቀለበቱን ተቀብላለች ማለት ነው?» ስትራቲስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንጃ። ምናልባት።»

«በአንዲት ነጥብ አናሸንፍም።»

«አናሸንፍም።»

መርከቡ ከወደቡ ጮኸ። ቴያኖ ቢጫ የሞላባቸውን ሁለት ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ሦስተኛውን በሻርፗ ጠቀለለችው። ለስትራቲስ እስክሪብቶ ወረወረችለት።

«ክዳናቸው ላይ ‹የዓሣ ሾርባ› ብለህ ጻፍ፤ ቲቸር እንዲያዩት። ከዚያ ሮጠህ ድረስብኝ።»

ደረጃውን ስትወርድ፣ ሳህኑን እስከ አፉ እንደሞላ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛው ነበር።