ስምንተኛው አግዳሚ

በ፲፱፻፳፭ ዓመት፣ በጥር ወር የመጨረሻው ዓርብ ጧት፣ በሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የወንበር ድልድል ሊነበብ ነበር። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ በየወሩ ክቡር ዲሬክተሩ ውጤት ያሰማሉ፤ አንደኛ የወጣችው ከሰሌዳው ሥር በመጀመሪያው አግዳሚ፣ ውራ የወጣችው በሩ አጠገብ በስምንተኛው ትቀመጣለች። ሦስት ወር በስምንተኛው የከረመች ልጅ ደብተሯን ይዛ ትሰናበታለች፤ ቦታዋንም ደጅ ስትጠና የኖረች ሌላ ልጅ ትወስደዋለች። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ሁሉ ዐይናቸው ደኅና ነበረ።

የፊደል ለቃሚዋ የእህት ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ወሯን ትደፍናለች። ፊደል ለቃሚዋ በመንግሥት ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመች መስመር የምትደረድር ሴት ናት፤ እህቷ ስትሞት ልጅቱን ተረክባ እንደ ወለደቻት አሳድጋለች። ልጅቱ ቀለም አይዘልቃትም ሲሏት እሷም እውነት መስሏት ነበር፤ ተቆጥታታለች፣ አልፎ አልፎም መትታታለች።

ማክሰኞ ዕለት ግን ልጅቱ ምሳ ይዛ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገባችና በበሩ ላይ ለተሰቀለው ካፖርት ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስትም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ። ይህችው ልጅ ከአንድ ቀን በፊት ከፊደል ሣጥኑ ቅንጣት የምታህል እርሳስ አንሥታ፣ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ፣ በግልባጭ የተቀረጸውን ፊደል ሳትሳሳት አንብባለችና።

አክስት ወዲያው ለአዋጅ የሚሆነውን ትልቁን የእንጨት ፊደል ደረደረች፤ ከሥሩም እያነሰ የሚሄድ አራት መስመር ጨምራ አተመችው፤ ግድግዳ ላይም ለጠፈችው። ሠራተኞቹ የላይኞቹን መስመሮች ከዐሥራ ሁለት እርምጃ አነበቡ። ልጅቱ ሦስት እርምጃ እስኪቀራት አንዱንም አልለየችም።

«ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አይታይሽም እንዴ?»

«ነጭ ነጭ ነገር ይታየኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሁሉም እንደኔ የሚያይ መስሎኝ ነዋ፣ አክስቴ። እነሱ ጎበዝ ስለሆኑ የሚገምቱት ነበር የመሰለኝ።»

አክስት ያን ጊዜ አለቀሰች ብንል ውሸት ይሆናል፤ ደሟ ፈላ፤ ከሁሉ በፊትም በገዛ እጇ ላይ ተናደደች።

እነሆ ዓርብ፣ ወረቀቷን ጠቅልላ ክፍሉ መሃል ቆማለች።

«ወይዘሮ፣ ይህ ትምህርት ቤት እንጂ ማተሚያ ቤት አይደለም» አሉ ዲሬክተሩ። «ትጋት የጎደላት ልጅ ሰበብ አታጣም።»

«ጌታዬ፣ ባላየች ቁጥር ወደ ኋላ ይሰዷታል፤ ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር ደግሞ አታይም። በዚህ አያያዝ ወንበሯ ገበያ መሃል መድረሱ ነው።»

ከኋላ ሳቅ አፈተለከ። ፊደል ለቃሚዋ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ሰቀለችው።

«ማን ፈቀደልዎ?»

«ማንም።»

አንደኛ የምትወጣውን ልጅ በሩ አጠገብ አቆመቻት፤ አራቱን መስመር እንደ ውኃ ጠጣችው፤ አምስተኛው ግን ለማንም ከዚያ አይነበብም። የእህቷ ልጅ ተተካች። ከበሩ ምንም አላየችም፤ አንድ አንድ እርምጃ ቀረበች፤ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ትልቁን፣ ይበልጥ ስትቀርብም የቀሩትን ሦስቱን አነበበች፤ ከዚያም አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ አስጠግታ ፀጉር የምታክለዋን የመጨረሻ መስመር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ይህች ልጅ ድንጋይ አይደለችም፤ ሰሌዳው ነው የራቃት» ብላ አነበበች።

ከስምንተኛው አግዳሚ ሁለት ልጆች ሳይጠሩ ተነሡ። «እኛም አይታየንም።»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው!» ብለው ጮኹ ዲሬክተሩ።

ፊደል ለቃሚዋ ግን የአግዳሚውን ጫፍ ጨብጣለች። «ያዙ እንጂ ልጆች! ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?»

ወለሉ ሲጢጥ እያለ ስምንተኛው አግዳሚ ከአንደኛው ፊት ተቀመጠ። ዲሬክተሩ ከልጆች ጋር ወንበር ለመጓተት ክብራቸው አልፈቀደላቸውም፤ አግዳሚውም እዚያው ቀረ። ልጅቱ መነጽር ያገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ግን ከሰሌዳው ሥር ተቀምጣ ተማረች።

ከሃያ ዓመት በኋላ የዲሬክተሩ የሕይወት ታሪክ ሊታተም ወደዚያው ማተሚያ ቤት መጣ፤ ለቃሚዋም እሷው ነበረች። ዐይነ ደካማ ልጆችን ከፊት የማስቀመጥ ደንብ ከክቡርነታቸው ጥልቅ አሳቢነት መመንጨቱን የሚያወሳ አንቀጽ ነበረበት። ስለ አንዲት ሴት ወይም ስለ አንድ ወረቀት አንድም ቃል የለም። እሷም አንድ ፊደል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ለቀመችው፤ ሥራዋ ነውና። ያንን አንቀጽ ግን ቤቱ ባለው በመጨረሻው ትንሽ ፊደል ደረደረችው። አለቃዋ ምክንያቱን ቢጠይቃት፣ ቀና ሳትል፣ «ማንበብ የፈለገ ቀረብ ይበላ!» አለችው።