ሁለቴ ብቻ የሚጠራው

ትርሲት የምሳውን ሳህን አጥባ፣ ጠረጴዛውን ወልውላ ላፕቶፗን ስትከፍት ጉሙ ገና ከገደሉ አፋፍ አልወጣም ነበር። ጣርማበር ላይ ክረምት እንዲህ ነው፤ ጉሙ ከቆላው ቀስ እያለ እየተሳበ ይመጣና መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፉን፣ ከዚያ ደጁን ይውጠዋል፤ ያኔ በእኩለ ቀንም ቢሆን መብራት ካልበራ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ግን መብራት በራ ጠፋ ግድ የላቸውም። ዓይናቸውን ካጡ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። መደቡ ላይ ተቀምጠው በመዳፋቸው ብቻ እየዳበሱ ጥጥ ይፈትላሉ፤ የእንዝርታቸው ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ሞልቶታል።

አስር ሰዓት ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ አላት። ሥራው ከቤት ሆኖ የሚሠራ የጽሑፍ እርማት ነው፤ ካለፈች እዚሁ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ካመለጣት ግን ከመሥሪያ ቤቷ ያለ ደመወዝ የወሰደችው ፈቃድ ስላለቀ ሰኞ አዲስ አበባ መግባቷ ነው፤ እናቷን ለጎረቤት አደራ ብላ። አደራ የሚባለው ደግሞ ምን እንደሆነ አምና አይታዋለች፤ ስትመለስ ያገኘቻቸው በጨለማ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ምድጃ ሲዳብሱ ነበር። ያን ቀን አልቅሳ፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ የትም አልሄድም" ብላ ምላላቸዋለች።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው በዚህ ቀን ነው። ላፕቶፑ ያረጀ ስለሆነ የቀድሞ ባልደረባዋ መክብብ "ይሄ ዊንዶውስ ከብዶታል" ብሎ በምትኩ በነፃ የሚገኘውን፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጭኖላት፣ እውነትም እንደ አዲስ ይፈተለክ ጀምሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑ "ማዘመኛ ደርሷል" አላት፤ እሷም የዋህ፣ እሺ አለችው። ጠፍቶ ሲነሳ ዋይፋዩ ድራሹ የለም። መደርደሪያው ላይ ያለው የዋይፋይ ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን ያብለጨልጫል፤ ላፕቶፑ ግን ከጎረቤቱ እንደተኳረፈ ሰው አላየሁም አልሰማሁም ብሏል። ዘመናዊ ስልኳ ዝናብ ገብቶበት ከሞተ ሰንብቷል። የቀራት የእናቷ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ በሱ መክብብ ጋ ደወለች።

"አትደንግጪ፣" አላት። "ማዘመኛው ድራይቨሩን፣ የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ጥሎት ነው። ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቺና ሱዶ ብለሽ መጻፍ ጀምሪ።"

ትዕዛዙን ፊደል በፊደል አነበበላት። ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ጻፈች፤ መስኮቱ ላይ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ ብቅ አላለችም።

"ኧረ ምንም አይጽፍም!"

"ይጽፋል፤ ላንቺ አይታይሽም እንጂ። እሱ ያይሻል፣" ብሎ ሳቀ።

የመጣው መልስ ካርዱ አልተገኘም የሚል ነበር። ጥግ ላይ ያለውን የኔትወርክ ዝርዝር እንዲያው ለማየት ያህል ከፈተችው፤ ባዶው ሰሌዳ ላይ አንድ ስም ቁጭ ብሏል።

"መክብብ፣ አንድ ኔትወርክ መጣልኝ።"

"አይመጣም። ካርዱ ሳይነሳ እንዴት ብሎ? ጆሮ የሌለው ሰው ሰማሁ እንደማለት እኮ ነው። ማን ይላል ስሙ?"

"ትርሲት ይላል።"

"በስምሽ ሰይመሽው ይሆናላ።"

"የኛ ስሙ ቤታችን ነው።"

እንዝርቱ ቆመ። ቤቱ ድንገት ጭር ሲል ከጣሪያው ጠርዝ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ድምፅ ሁሉ ለብቻው ተሰማ።

"ማነው የጠራሽ?" አሉ እናቷ።

"ማንም አልጠራኝ እማዬ። ስልክ ላይ ነኝ።"

"ስልክ አላልኩሽም። ከደጅ።"

በዚህ ቤት ስም ሲጠራ ቶሎ አቤት አይባልም። "ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል፤ ያኛው ከሁለት አያልፍም፣" እያሉ ነው ያሳደጓት፤ ያኛው ማን እንደሆነ ጠይቃ ግን መልስ አግኝታ አታውቅም። አዲስ አበባ ቢሮ ገብታም ልማዱ አልለቀቃትም፤ "ጆሮሽን ታከሚ" እያሉ ሲስቁባት አብራ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሳቅ አልመጣላትም። መልሳ ስታይ ዝርዝሩ ባዶ ሆኗል፤ እንዝርቱም ዳግም መሽከርከር ጀምሯል።

መክብብ ማሽኑን አጥፍታ፣ ሲነሳ ከአሮጌው ስሪት እንድታስነሳው ነገራት፤ አሮጌው ድራይቨሩ አብሮት አለ። ላፕቶፑ ጠቁሮ እስኪነሳ ድረስ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ መስታወቱን ተደገፈው፣ የቤቱም ብርሃን እንደ ምሽት ደበዘዘ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ብርድ ገባ፤ ከብርዱም ጋር የረጠበ አፈር ሽታ፣ ከአፈሩ ሽታ ኋላ ደግሞ የምታውቀው ሽታ። የራሷ የፀጉር ቅባት ነው። እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች። ዛሬ አልተቀባችም።

ማሽኑ ሲነሳ ዝርዝሩን ከፈተች። "ቤታችን" የሚለው አሁንም የለም፤ "ትርሲት" የሚለው ግን አለ። ቅድም አንዲት ጭረት ብቻ የነበረው ሲግናሉ አሁን ጢም ብሏል።

"ይሄን ያህል ከሞላማ ደጃፍሽ ላይ ነው፣" አለ መክብብ። "ሰዓቱ እየደረሰ አይደል? ንኪው በቃ።"

"ልጄ፣" አሉ እናቷ ከመደቡ፣ በዝግታ። "ይሄ ሁለተኛው ነው። ዝም በይ። ሦስተኛውን ጠብቂ።"

ታውቃለች። ሁለተኛው እንደሆነም ታውቃለች። ግን አስር ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ቀዝቃዛው ምድጃና አመዱን የሚዳብሱት እጆች ፊቷ ላይ ድቅን አሉ። "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" አለች በሆዷና ስሙን ነካችው። የይለፍ ቃል አልጠየቃትም። ወዲያው ተገናኝቷል አለ።

"አቤት አልሽኝ እንዴ?" አለ መክብብ። "አልጠራሁሽም እኮ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!" ስቆ ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

እሷ አፏን አልከፈተችም ነበር። ኢንተርኔቱ ግን ሠርቷል፣ የቃለ መጠይቁ ገጽ ተከፍቷል፣ ካሜራውም በርቶ እሷን፣ ወንበሯንና ከኋላዋ ያለውን በር ያሳያል። በምስሉ ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዞር አለች። እውነትም ተከፍቶ ጉሙ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ነው። እናቷ ብርድ ይመታቸዋል ብላ ብድግ አለች፤ ስትነሳም በዓይኗ ጠርዝ ላፕቶፑን አየችው። ምስሉ ውስጥ ያለችው ትርሲት አልተነሳችም።

ልብ ብላ ሳታየው እግሯ ወደ በሩ ቀድሟት ነበር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነውና እጀታውን ለመያዝ ደፉን ተሻግራ ጉሙ ውስጥ ገባች፤ እጇ እንጨቱን ሳይነካ በሩ በራሱ ዞሮ ከፊቷ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲንሸራተት በደንብ ሰማችው።

"እማዬ!"

እንዝርቱ ቆመ። ማንም አቤት አላለም። ከግድግዳው ወዲያ እናቷ በለሆሳስ "አንድ" ሲሉ ሰማች።

"እማዬ! እኔ ነኝ!"

"ሁለት፣" አሉ እናቷ። እየጠበቁ ነው። አንድ ብቻ ቀርቷታል፤ አንዴ ብትጠራ ሰው መሆኗን አውቀው እየዳበሱም ቢሆን መጥተው ይከፍቱላታል። በሩን ለመደብደብ እጇን አነሳች፤ እጇ ያገኘው ጉም ነው። ደረቷን ሞልታ ተነፈሰችና አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም እንደገና፤ ከጣሪያው ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም።

ከውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ፣ ቀጥሎም ወደ መደቡ የሚሄድ የራሷ ኮቴ፣ ከዚያም የራሷ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፤ "ዝም በይ እማዬ፣ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ከእንግዲህ የትም አልሄድም።"