አቤት ያለው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ ከሄደ ሄደ፤ እዚህ አገርም መብራት ይጠፋል ለካ! ስልካችሁንም አጥፉት። ይህን ወሬ በብርሃን አላወራውም።

ድሮ ነው። እንደኛዋ ባለች ትንሽ የአሜሪካ ከተማ፣ የዶሮ ፋብሪካ ባለባት ከተማ፣ ውብእሸት የሚባል ሰው ነበር። ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት ቆሞ ዶሮ ይበልታል። ክፍሉ በረዶ ነው። እጁ ደነዘዘ፣ እግሩ ደነዘዘ፣ እያደር ልቡም ደነዘዘ። ሰው ሲስቅ አይስቅ፣ ሰው ሲያለቅስ አያለቅስ።

ስሙም ቀረ። እዚህ የሚጠሩን በማን ስም ነው? በአባታችን! አለቃው "ቴድላ!" ይለዋል፤ ውብእሸት "አቤት!" ይላል። "ቴድላ!" "አቤት!" ተድላ ማን ነው? አገር ቤት የተኛ፣ የታመመ ሽማግሌ አባቱ ነዋ።

ያን ቀን እህቱ ደወለች። "ወንድም ጋሼ፣ አባባ እያጣጣረ ነው። ሌሊቱን አያልፍም ብለውናል።"

"እሺ" አለ። ስልኩን ዘጋ፣ ቢላውን ሳለ፣ ሥራ ገባ። ምን ዓይነት ልብ ነው አትሉም?

ሥራ ሲያልቅ ቦቲውን ሲያወልቅ ቆየ። በመኪና የሚያደርሱት ልጆች ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። በእግሩ ተነሳ። በባቡር ሐዲዱ ዳር፣ በረዶ በሸፈነው የታጨደ የበቆሎ ማሳ መሐል፣ ብቻውን። በዚህ አገር በዚያ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ሰው አይታችኋል? እኔስ አላየሁም።

"ተድላ!"

ከኋላው ነው። ዞር አለ። ማንም የለም። ሄደ፣ ሄደ።

"ተድላ ሆይ!"

ቴድላ አላለም እኮ! ተድላ ነው ያለው፣ አጥርቶ፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ የአገር ሰው። ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ አለ? እናቱም በጨለማ ለተጣራ ሦስቴ ሳይደግም አቤት አይባልም ብላ ነው ያሳደገችው። አፉ ግን ለፋብሪካው አድሯል።

"አቤት!" አለ።

ከሐዲዱ ማዶ አንድ ሰው ብቅ አለ። ቀረበ። በረዶው ላይ ኮቴው አይሰማም። ቀረበ። ውብእሸት ሲተነፍስ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል፤ ከሰውዬው አፍ ግን ምንም አይወጣም።

"ተድላ አንተ ነህ?"

"አዎ" አለና እንደለመደው የሥራ መታወቂያውን ከደረቱ ብድግ አደረገ።

"ሽማግሌ ነው የተባልኩት" አለ ሰውዬው። "ግድ የለም። እኔ የምወስደው አቤት ያለኝን ነው።"

ያኔ ገባው። ያኔ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ተሰማው። ፈራ፤ በጣም ፈራ። ተድላ አባቴ ነው ቢል ይድናል። እናንተስ ብትሆኑ?

"ተድላ..." አለ። የአባቱ ፊት ድቅን አለበት። እንባው ዱብ ዱብ አለ። "ተድላ እኔ ነኝ" አለ።

ጠዋት ከሐዲዱ ዳር ደርቆ ተገኘ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮሃል። ያገኘው የባቡር ሠራተኛ አነሳው፤ ፈረንጅ ነው፣ አንድም ቃል አልገባውም። እህቱ ናት።

"ወንድም ጋሼ! አባባ ድኖ ተነሳ! ውብእሸት፣ ውብእሸት እያለ እየጠራህ ነው። አቤት በለው እንጂ!"

እንግዲህ ልጆች፣ ከሥራ ስትወጡ ብቻችሁን አትሂዱ። ማንም ቢጠራችሁ ደግሞ...

እሽሽ! ማነው ደጅ የሚጣራው? አንተ፣ ቁጭ በል! ዝም በል! የተጠራው የአባትህ ስም ነው።